አባዬ አንድ ቻርኮ ይቀረዋል

ባለፈው ቅዳሜ አምስተርዳም፣ ዳፐርማርክት ገበያ ላይ አንዲት ሴትዮ የልጆች የጎማ ቦት ጫማ ዘርግታ ትሸጥ ነበር። ቀይ፣ ቢጫ፣ እንቁራሪት የተሳለበት። የምገዛለት ልጅ የለኝም፤ ግን አንዱን አንስቼ ውስጡን አሸተትኩት። ሻጯ «ይቺ ደግሞ ምን ነካት?» በሚል ዓይን አየችኝ። የአዲስ ጎማ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው ልቤ እንደዚያን ጊዜ ድንግጥ አለ። ሰው በጫማ ሽታ ይደነግጣል? እኔ እደነግጣለሁ። ስምንት ዓመት ስለሞላኝ ዓመት፣ ቅጠል ስለረገፈበት ስለዚያ ወቅት ሳስብ ከሐዘኑ ቀድሞ የሚመጣብኝ ድንጋጤው ነው።

ያኔ ኢንዲሸ ቡርት የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ደረጃው እንደ መሰላል ቀጥ ያለ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበርን፤ እኔና እማዬ ብቻ። አባዬ ሊቢያ ነበር። እኛ ቀድመን መጥተን የመኖሪያ ፈቃድ ስናገኝ እሱ ካርቱም ቁጭ ብሎ የቤተሰብ ቪዛ ሲጠብቅ ከረመ። በመጨረሻ ሰለቸው፤ በረሃውን አቋርጦ ባሕሩ ዳር ደረሰ። «ጀልባ እየጠበቅን ነው፣ አታስቡ» ብሎ ደወለ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ዝም አለ። እማዬ ግን መጠበቋን አላቆመችም። ወፍራም የክረምት ካፖርት ገዝታ ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቀለችለት፤ «ሲመጣ ብርዱን አይችለውም» ትላለች። እኔ ካፖርቱ ውስጥ እየገባሁ እደበቅ ነበር።

እኛ ያላወቅነውን ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። ይህን ስጽፍ አሁንም ጆሮዬ ይግላል። አባዬ ዳንኤል የተሳፈረባት ጀልባ ሰጥማ ነበር። ከሰጠመችው ጀልባ የተረፈ አንድ ልጅ ዴንሃግ ለሚኖሩት አጎቱ ደውሎ «ዳንኤል ከእኔ ጋር ነበር፤ አልወጣም» ብሏቸዋል። አጎትየው ጋሽ ተኽለ ናቸው፤ አዲስ አበባ ያደጉ፣ አማርኛቸው የእኛን የሚያስንቅ ኤርትራዊ ሽማግሌ። ጋሽ ተኽለ ለቄሱ ነገሩ፣ ቄሱ ለማኅበሩ ሴቶች፣ ሴቶቹም ለባሎቻቸው። ለእማዬ ግን ማንም አልነገራት። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ መንገድ ላይም አይነገርም። ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ በር ያንኳኳል፤ ወጉ እንዲህ ነው። እንዲህ ያለው ወግ ግን የተሠራው ሰው ሁሉ ጎረቤት ለሆነበት አገር ነው። እዚህ አንዱ የሌሊት ፈረቃ ገብቷል፣ አንዷ ከከተማው ማዶ ስሎተርቫርት ናት፣ ሌላው ሮተርዳም። መጀመሪያ «ቋሚ ሥራ ትያዝ» አሉ። ከዚያ ታመመች፤ «ከሕመሟ ታገግም» አሉ። ከዚያ ደግሞ እማዬ የኢንቡርገሪንግ ፈተና ተቀጠረላት፤ ስደተኛው የአገሩን ቋንቋና ኑሮ ማወቁ የሚታይበት ፈተና ነው። «ሳትፈተን እንዴት እናረዳታለን? ትወድቅብናለች!» ተባለ። ከፈተናው በኋላ ባለው ቅዳሜ ማለዳ ሊመጡ ተስማሙ፤ የማን መኪና ማንን እንደሚያመጣ ሳይቀር ተደልድሎ ነበር። ፋሲካ ሲወጣ የተሰማ ሞት፣ ቅጠል እስኪረግፍ! ያን ሁሉ አፍ እንዲያ የለጎመው ምን ዓይነት ኃይል እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እማዬ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ለማጽዳት ስትሄድ የምትጠብቀኝ ምድር ቤት የምትኖረው ሴኞራ ሬሜ ነበረች። ስፔናዊት ናት። ገና ልጃገረድ ሳለች ለፋብሪካ ሥራ መጥታ፣ አግብታ፣ ባሏን ቀብራ፣ እዚሁ አርጅታ ቀረች። ያን ሁሉ ዘመን ኖራም ሆላንድኛዋን እኔ ነበርኩ የማርማት። ቤቷ ነጭ ሽንኩርትና የልብስ ሳሙና ይሸታል። ዝናብ ሲያባራ ሌላ ሰው ውሃውን እየሸሸ ዳር ዳሩን ሲሄድ፣ ሬሜ እጄን ይዛ መንገዱን በዓይኗ ታስስና ድንገት «ቻርኮ!» ብላ ትጮኻለች። ዝናብ ያጠራቀመው ውሃ ማለቷ ነው። ከዚያ እዘላለሁ። እሷ ጉልበቷ ስለማይችል ለእኔ ታጨበጭባለች።

እማዬ ለዚያ ነገር አንድ ቁርጥ ያለ ስም አልነበራትም። አንዳንዴ ኩሬ፣ አንዳንዴ ያቆረ ውሃ፣ ካልሲዬን ስታይ ደግሞ «ይሄ ጭቃ!» ትለዋለች። ትምህርት ቤት በሆላንድኛ ፕላስ ነው የምንለው፤ ያው ቃል ለሽንትም ስለሚሆን ወንዶቹ በሰሙት ቁጥር ይንከተከታሉ። ቻርኮ ግን አፍ ውስጥ ራሱ ይንቦጫረቃል። ሬሜ ሁሉን ነገር ትጠራበታለች። ሾርባው ገንፍሎ ምድጃው ላይ ከተኛ ቻርኮ ነው፤ ወተት ጠረጴዛ ላይ ከተደፋም ቻርኮ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሰው ጉዳይ ውስጥ ጥልቅ የምትል ሴትዮ ነበረች፤ ሬሜ ስለ እሷ «ቻርኮ አይታ አታልፍም፣ ሁሉም ውስጥ ትገባለች» አለችኝ። እኔም ሴትዮዋ በደረጃው በወጣች በወረደች ቁጥር ጫማዋን እመረምር ነበር። አንድም ቀን ረጥቦ አላገኘሁትም። ማታ ማታ ተደብቃ የምትዘል መሰለኝ።

አንድ ቀን ሬሜ ግድግዳዋ ላይ ያለችውን የአንዲት ወፍራም ሴት ፎቶ አሳየችኝ።

«እህቴ ናት። ቻርኮውን ተሻግራ ሄደች።»

«የቱን ቻርኮ?»

«ትልቁን። አርጀንቲና ናት።»

የትምህርት ቤት ካርታዬን ዘረጋን። ሬሜ ጣቷን ስፔን ላይ አድርጋ፣ ያን ሁሉ ሰማያዊ አቋርጣ አርጀንቲና አደረሰችው።

«ይሄ ሁሉ ቻርኮ ነው?»

«እኛ አገር እንዲህ ነው የሚባለው። ሰው ውቅያኖሱን ሲሻገር ቻርኮውን ተሻገረ እንላለን። እናትሽ ወደብ ላይ ቆማ ስታለቅስ ምን ትያታለሽ ታዲያ? ቻርኮ ነው እማዬ፣ ቻርኮ ብቻ ነው ትያታለሽ።»

እኔ ዓይኔ ወደ ሌላው ሰማያዊ ሄደ፤ ሊቢያና ጣልያን መሃል ወዳለው። አንድ ጣቴ ሸፈነው።

«ይሄስ? አባዬ እዚህ ጋ ነው ያለው።»

«እሱማ ከቻርኮም ያንሳል!» ብላ ሳቀች፤ ፀጉሬንም አመሳቀለችው።

ሬሜ አታውቅም ነበር። እንግዲህ በዚያ ወቅት ዙሪያችን ከነበረው ሰው ሁሉ ፊቴን ቀጥ ብላ እያየች ያናገረችኝ እሷ ብቻ ናት።

እኔ በደስታ ሰከርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአባዬ እለማመድለት ጀመር። ጠባቡን ቻርኮ በአንድ ዝላይ እሻገረዋለሁ። ሰፋ ካለ ተንደርድሬ። በጣም ከሰፋ ደግሞ መሃሉ እገባና፣ ቅዝቃዜው በጫማዬ ስፌት ሲገባ እየተሰማኝ፣ ቀስ ብዬ በእግሬ እወጣለሁ። እንዲህም ይቻላል ማለት ነው፤ ሲመጣ እነግረዋለሁ። እማዬ ጫማዬን ማሞቂያው ላይ እያደረቀች ትቆጣለች፤ የማን ልምምድ እንደሆነ አልነገርኳትም።

በዚያው ሰሞን ሰው ሁሉ ወደደን። ድሮ ቤተ ክርስቲያን በራስ ሰላምታ የሚያልፉን ሴቶች በየቀኑ ይደውሉ ጀመር። ምግብ ሠርተው በባቡር ይዘው ይመጣሉ። ጋሽ ተኽለ እሑድ እሑድ ጭንቅላቴን ደጋግመው ይስማሉ። አንድ ሰውዬ አቅፎኝ መልቀቅ አቅቶት ሚስቱ ከእቅፉ አስለቀቀችኝ። እኔ ሆላንድኛዬ ስለሚያምር ነው ብዬ ነበር፤ ጎበዝ ተርጓሚ መሆኔ ተወርቶ። እማዬ ደግሞ ስልኩን በዘጋች ቁጥር «ሰው እንዴት ወደደን፣ ሶሲዬ! እኔ እኮ እዚህ አገር ዘመድ የለንም እል ነበር» ትላለች፤ ዓይኗ እንባ እያቀረረ። 

ልደቴን ደገሰችልኝ። ቤታችን ጢም ብሎ ሞላ፤ በሉ፣ ጠጡ። እማዬ አባዬ የሚወደውን ዘፈን ከፈተችና መሃል ገብታ እስክስታ ወረደች። «ተነሱ እንጂ! ምን ሆናችኋል?» አንድ ሰው አልተነሳም። አንዷ ወገቧን ያዘች፤ አንዱ ከሌሊት ሥራ መምጣቱን ተናገረ። ጋሽ ተኽለ «ጉልበቴን ልጄ፣ ጉልበቴን» አሉ። መርዶው ባልተነገረበት ቤት መጨፈር ነውር ሆኖባቸው ነው፤ መብላቱ ግን ነውር አልሆነባቸውም። እማዬ ብቻዋን ጨፈረች። እኔ አብሬያት ገባሁና፣ የሀበሻ ሰው ጉልበት ምን ቢሆን ነው በአንድ ቀን እንዲህ የሚታመመው ብዬ አዘንኩላቸው።

እንቁራሪት ያለበትን ቢጫ ቦት ጫማ የገዙልኝ እትዬ ለተብርሃን ናቸው። እሳቸውም ኤርትራዊት ናቸው፤ አዲስ አበባ መርካቶ ሱቅ የነበራቸው፣ እዚህ ሆስፒታል ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ የወጡ። ሰው መቆጣት የሚወዱ፣ ድምፃቸው ቤት የሚያናውጥ ሴት ነበሩ። ያን ቀን ግን ጫማውን ሲያጠልቁልኝ አልተቆጡም። ወለሉ ላይ ተንበርክከው እግሬን ይዘው ቀሩ።

«ኧረ እትዬ፣ ይነሱ! ይሄን ያህል አይልፉልን» አለቻቸው እማዬ።

«ልጅ እግሩ መርጠብ የለበትም» አሉ አንገታቸውን እንዳቀረቀሩ።

ፈተናው በነበረበት ሳምንት መግቢያ፣ እሑድ፣ እንደ ልማዳችን በባቡር ሮተርዳም ለቅዳሴ ሄድን። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውሃ ብቻ ነበር። ቅዳሴው ሲያልቅ እማዬ ተራዋ ስለሆነ ወጥ ቤት ገብታ ሳህን ታጥባለች። ሌላው ሰው አዳራሽ ተቀምጦ ይበላል። እኔ ግቢው መሃል አንድ ያልተነካ፣ ሰፊ፣ ሰማይ የሚታይበት ቻርኮ አገኘሁ። እንደዚያ ያለ ትልቅ አይቼ አላውቅም። ተንደረደርኩ፣ ዘለልኩ፣ መሃሉ ላይ ወደቅኩ። ውሃው የቦቴን አፍ አልፎ ገባ።

እትዬ ለተብርሃን በመስኮት አይተው ኖሯል፤ ወጥተው በክንዴ ጎትተው አዳራሹ ውስጥ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። አንዱን ቦት አውልቀው ሲደፉት ወለሉ ላይ ትንሽ ቻርኮ ሠራ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ ውሃ ምን ሊያደርግልሽ ነው?»

«ልምምድ ነው» አልኳቸው። ያኔ ትልቁንም ትንሹንም አንቺ ነበር የምለው፤ እማዬ ብትቆጣም አልለመደልኝም። «አንቺ ቻርኮ ታውቂያለሽ? ስፔኖች ይሄን ውሃ ቻርኮ ይሉታል። ባሕሩንም ቻርኮ ነው የሚሉት። ኤኽት! እውነቴን ነው! ሬሜ ናት የነገረችኝ።»

«ይበሏ» አሉ፤ እግሬን በፎጣ ያሻሉ።

«አባዬ እኮ አንድ ቻርኮ ይቀረዋል። ትንሽዬ ናት፣ ካርታ ላይ በጣቴ ለክቻታለሁ። መዝለል ካቃተው መሃሏ ይግባና በእግሩ ይውጣ። እኔ ሁልጊዜ እገባለሁ፣ ምንም አልሆንኩም። ቻርኮ ውስጥ ሰው አይሞትም።»

የእትዬ ለተብርሃን እጅ ቆመ። ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው ላይ ምን እንደነበረ ያኔ ቃል አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። ከዚያ ፎጣውን አፋቸው ውስጥ ለመጠቅጠቅ ሞከሩ። አልቻሉም። ከእኛ ጋር ከአማርኛ በቀር ሌላ ተናግረው የማያውቁት ሴትዮ፣ ወንድሜን እያሉ፣ በትግርኛ ጮኹ፦

«ዋይ ኣነ! ዋይ ኣነ! ዳንኤል ሓወይ!»

አጠገባቸው የነበረችው ሴት ማንኪያዋን ጥላ ደረቷን መታች። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ወንዶቹ። ከፋሲካ ጀምሮ ታፍኖ የከረመው ሁሉ በአንድ ጊዜ ፈነዳ። አዳራሹ ሙሉ ሰው፣ ከነጉርሻው፣ ያለቅሳል። እኔ የእርጥብ ቦቱ ጉዳይ መሰለኝ። የቀረውን በፍጥነት አውልቄ ወንበሩ ሥር ደበቅሁት።

እማዬ ከወጥ ቤት እየሮጠች መጣች። እጇ እስከ ክርኗ የሳሙና አረፋ ነው። ሳህን እያጠበች ስለነበር ጩኸቱን እንጂ ስሙን አልሰማችም። ኤርትራዊቷ እትዬ በትግርኛ ሲያለቅሱ አየች፤ ከአስመራ መርዶ የመጣባቸው መሰላት። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ፣ ጥለቱን አገላብጣ እንደ ለቀስተኛ ለበሰችው። ቀጥ ብላ ሄዳ እትዬን አቀፈቻቸው።

«እትዬ! እትዬ፣ ማን ነው? እህትዎ ናቸው? አይዞዎት፣ እኔ አለሁ፣ እኔ ልጅዎት አለሁ!»

እውነተኛ እንባ ነበር የምታነባው። የሰው ሐዘን ሲሆን እማዬ እንባ አይቸግራትም። እትዬ ለተብርሃን ግን እቅፏ ውስጥ እንዳሉ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ፤ «አንቺ… አንቺ ልጄ…» ይላሉ፤ ከዚያ አያልፉም።

ሐዘን ላይ ሰው የሚሄደው ዘመድ ወደሞተበት ሰው ነው። ይህን ልጅም ቢሆን ያውቃል። ቄሱ ተነስተው መጡ። ጋሽ ተኽለ ባርኔጣቸውን አውልቀው መጡ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እየጎተቱ መጡ። ማንም ወደ እትዬ አልሄደም። እማዬ መጀመሪያ አልገባትም፤ ዞር ብላ ከኋላዋ ሌላ ሰው ቆሞ እንደሆነ አየች። ከኋላዋ ግድግዳ ነበር።

«ምንድን ነው?» አለች። «ለምን ወደ እኔ ትመጣላችሁ?» እጇን ዘርግታ፣ አረፋው እየተንጠባጠበ፣ ትገፋቸው ጀመር። «አትምጡ! ወደ እኔ አትምጡ!»

መጡ።

ምን ያህል እንደጮኸች አልጽፈውም። ትንፋሽ ሲያጥራት ግን ድንገት ዝም አለችና «መቼ ነው?» አለች። ወደ ጋሽ ተኽለ ዞረች።

«ጋሼ፣ መቼ ነው?»

«ፋሲካ… ፋሲካ እንደወጣ ነው ልጄ» አሉ ጋሽ ተኽለ።

እማዬ የእያንዳንዱን ሰው ፊት አየች፤ አንዱንም ሳትዘል። እንባዋ ቆሟል። እንደዚያ የደነገጠ ፊት ከዚያ በኋላ በሕይወቴ አላየሁም።

«ልደቷን በልታችኋል» አለች በቀስታ። «እኔ እየጨፈርኩላችሁ፣ ተቀምጣችሁ በልታችኋል።»

«ፈተናሽን ብለን ነው…»

«ፈተናዬን?»



ለእኔ ማንም ምንም አልነገረኝም። አንዷ ሴት ደረቅ ካልሲ አጠለቀችልኝ፤ «ጎበዝ ልጅ፣ እናትሽን እንዳትረብሺ» አለችኝ። ሌላዋ ብርቱካን ልጣ ሰጠችኝ። ትልልቆቹ «አጣነው»፣ «ቀረብን»፣ «ያጽናሽ» ሲሉ እሰማለሁ፤ አባዬ የቀረው ጀልባው ስለዘገየ ይመስለኛል። እናቴ ተቆጥታለች፣ እትዬ አልቅሰዋል፣ ጫማዬ ረጥቧል፤ ሦስቱን ደጋግሜ አገናኛለሁ፣ አይገናኙልኝም። ጋሽ ተኽለ በመኪናቸው ወደ አምስተርዳም መለሱን። መንገዱን ሙሉ ዝናቡ መስተዋቱን ይመታል። ከኋላችን ሌሎች መኪናዎች ተከትለውናል፤ ቅዳሜ ሊመጡ የተደለደሉት።

ቤታችን ስንደርስ እማዬ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። መውጣት አቃታት። ሬሜ ኮቴ ሰምታ ሽርጧን እንደታጠቀች በሯን ከፈተች። እማዬን አየች፤ በር ላይ የቆሙትን ሰዎች አየች።

«ምን ሆናችሁ? ምን ሆነች?» አለች በዚያ በተሰባበረ ሆላንድኛዋ።

እማዬ አፏን ከፈተች። ለፈተናው ቀንም ማታም ስታጠናው የከረመችው ሆላንድኛ ሁሉ ጠፋባት። ወደ እኔ ዞረች።

«ንገሪያት።»

«ምን ብዬ?»

«ባሌ ሞቷል በያት።»

ሐኪም ቤትም፣ የኪራይ ቤት ቢሮም፣ ትምህርት ቤትም የእማዬ አፍ እኔ ነኝ። ያለችውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ወደዚያ አሻግራለሁ፤ «ባሌ» ስትል «ባሏ» እላለሁ፣ «አሞኛል» ስትል «አሟታል» እላለሁ። ስለምለው ነገር አላስብም፤ በትክክል ማለቴን ብቻ ነው የማስበው። ያን ቀንም ቀጥ ብዬ ቆምኩና፣ ሰው ሁሉ በሚያደንቅልኝ ሆላንድኛዬ፣ ጥርት አድርጌ ነገርኳት።

«ባሏ ሞቷል።»

ሬሜ እጇን በሽርጧ ጠረገች። ከዚያ እማዬን አልፋ ወደ እኔ መጣች።